መሬት ያልረገጡ ሰዎች

ዛሬ ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቡና ካለ አስፈሉ፣ ከሌለም ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። ስለ አራት ሜትር አረንጓዴ ጨርቅ ነው የማወራችሁ።

አምና የታሪክ ክበባችን ለወላጆች ቀን ስለ ሰገሌ ጦርነት አጭር ፊልም እንሥራ ብሎ ተነሣ። ካሜራችን ስልክ ነው። ቤተ መንግሥት የለን፣ የጦር ሜዳ የለን፣ ፈረስ ለመከራየትም ብር የለን። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ግሪን ስክሪን እንሥራ፤ የዘፈን ክሊፕ ላይ እንደሚሠሩት ሰውየውን ቆርጠን የፈለግንበት ቦታ እናቆመዋለን» አለኝ። ቅዳሜ ገበያ ወርደን አረንጓዴ ጨርቅ ገዛን፤ ከመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ በሚስማር ወጠርነው፤ ቀረጽን።

የወላጆች ቀን ደረሰ፣ ፊልሙ ታየ። ንግሥት ዘውዲቱን የሠራችው ልጅ ባለ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥለት ነጠላ ለብሳ በግርማ ወጣች። ስልኩ ደግሞ አረንጓዴ ያየውን ሁሉ ቆርጦ ጥሎታል። ከጥለቱ አረንጓዴው መስመር ጠፍቶ በንግሥቲቱ ደረት በኩል የቤተ መንግሥቱ ግንብ ታየ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የወሎ ጦር ሲመጣማ ምን አለፋችሁ፣ ወታደሮቹ ከሣሩ አንድ ክንድ ከፍ ብለው እንደ መላእክት ነው የሚሄዱት። ሲያልቅ አንድ አባት ጠጋ አሉኝና «መምህር፣ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ግን መሬት አልረገጡም እኮ» አሉኝ።

ያቺ ንግግር ክረምቱን ሙሉ አብራኝ ከረመች። ሰውን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ሌላ ቦታ ማቆም መቼ ተጀመረ? ለምንስ አንዳንዱ መሬት ይረግጣል፣ አንዳንዱ ይንሳፈፋል? እያልኩ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ ከፊልም ጋር እኩል የተወለደ ነው። በፈረንጆቹ 1898፣ ማለትም ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጆርጅ ሜሊየስ የሚባል ፈረንሳዊ አስማተኛ የገዛ ራሱን ጭንቅላት ደጋግሞ እያነሣ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠራ። ዘዴው ጥቁር ነበር። ከጀርባው ጥቁር መጋረጃ ይሰቅላል፤ ጥቁር ብርሃን ስለማይመልስ ፊልሙ በዚያ ቦታ ሳይነካ ይቀራል፤ ከዚያ ያንኑ ፊልም መልሶ አጠንጥኖ ባልተነካው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ያነሣበታል። እኛም ሀገር ሲኒማ ሲገባ ሕዝቡ የፊልም ማሳያውን «ሰይጣን ቤት» ነበር ያለው። ጭንቅላቱን እያወለቀ ጠረጴዛ ላይ የሚደረድር ሰው ላየ፣ ስሙ የተጋነነ አይመስለኝም።

ጥቁር መጋረጃ ግን ችግር አለው፤ ሰው ራሱ ጥላ አለው፣ ጥቁር ጸጉር አለው፣ ጥቁር ልብስ አለው። ስለዚህ ወደ ቀለም ሄዱ። በ1940 «የባግዳድ ሌባ» በተባለው ፊልም ላይ ላሪ በትለር የሚባል ባለሙያ በሰማያዊ መጋረጃ ተጠቅሞ ግዙፉን ጂኒ ከሰው ጋር አገናኘ፤ ሥራው ኦስካር አስገኘለት። ቀጥሎ ፔትሮ ቭላሆስ የሚባል ሰው መጣ። «ቤን ኸር» የተሠራው በ1959 ነው፤ ለእሱ ባዘጋጀው ዘዴ የቀለሞችን ልዩነት በሒሳብ እያሰላ የጸጉርን፣ የጭስንና የስስ ጨርቅን ጠርዝ ሳያቆስል መለየት ቻለ። በ1964 የወጣው «ሜሪ ፖፒንስ» ላይ ደግሞ በልዩ ቢጫ መብራት የሚሠራ ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። በዚያው ዓመት እኛ ሀገር ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ፤ በጥቁርና ነጭ። በቀለም ለመለየት ቀለም ያስፈልጋልና ስቱዲዮ ውስጥ ሰውን በቀለም ቆርጦ ካርታ ፊት ማቆም ቀለም እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት።

ለምን ሰማያዊና አረንጓዴ ተመረጡ? የሰው ቆዳ ጠይምም ይሁን ጥቁር ወይም ነጭ ወደ ቀይና ቢጫ ያደላል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ከቆዳ ይርቃሉ። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ አረንጓዴው አሸነፈ። በ1976 ብራይስ ባየር የሚባል የኮዳክ ባለሙያ ፈቃድ ባወጣበት አደራደር የካሜራው ዓይን ለአንድ ቀይና ለአንድ ሰማያዊ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ አለው። ኪሳችሁ ያለው ስልክም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው የሚያየው። አረንጓዴን አጥርቶ ስለሚያይ ጠርዙን አጥርቶ ይቆርጣል። የዘውዲቱንም ጥለት አጥርቶ የቆረጠብን ለዚህ ነው።

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው» ትሉኝ ይሆናል። የእኛንም ላምጣ። ከዳግማዊ ምኒልክ ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሡ አርመናውያን ነበሩ፤ ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ስማቸው የታወቀ ነው። ከእነሱ በኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ሲስፋፋ በቀለም የተሣለው መጋረጃም አብሮ ተስፋፋ። እናትና አባቴ በተጋቡ ሰሞን የተነሡት ፎቶ እቤት አለ። ከኋላቸው ምሰሶ ያለው ሰገነት፣ አበባና ፏፏቴ ይታያል። እነሱ እንኳን ሰገነት፣ ፎቅም ወጥተው አያውቁም። እኔም በልጅነቴ የአውሮፕላን ሥዕል ፊት ቆሜ የተነሣሁት አለኝ፤ «ቦሌ ሄጄ ነበር» ብዬ ክፍል ውስጥ ዋሽቼበታለሁ። ያጋለጠኝ ጫማዬ ነው። በእግሩ የመጣ ልጅ ጫማ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ!

እነዚያን ፎቶዎች አሁን ደግሜ ሳያቸው አንድ ነገር ገረመኝ። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ መጋረጃው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያደርጋል፦ ምንጣፍ፣ የላስቲክ ሣር፣ የአበባ ማሰሮ። የሚያጋልጠው እግር መሆኑን ያውቅ ነበር። እኛ ስልክ ይዘን የጠፋብንን እሱ በአበባ ማሰሮ ፈትቶታል።

አሁን ወደ ሰገሌ ልመልሳችሁ፤ ያ የአባት ንግግር ከፊልማችን አልፎ ታሪኩን ራሱን የነካብኝ እዚህ ላይ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ሐረር ሳሉ አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን መውረዳቸው ታወጀ። ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። ወይዘሮ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ግን የሸዋ ጦር አሸነፈ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። በዚያ በአንድ ቀን ያለቀው ሰው ብዛት በሁለቱም ወገን ለልጅ ልጅ የሚነገር ኀዘን ሆኖ ቀርቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። ልጅ ኢያሱ ጥምጥም ጠምጥመው፣ እንደ ሙስሊም ለብሰው የሚታዩበት ፎቶ ከመውረዳቸው በፊት በመኳንንቱ መካከል ተዘዋውሮ ነበር ይባላል። ፎቶው የተቀነባበረ፣ የእሳቸው ፊት በሌላ አካል ላይ የተቀጠለ ነው ብለው የጻፉ አሉ። የለም፣ እውነተኛ ፎቶ ነው፤ ሐረርና ድሬዳዋ ሲመላለሱ የሕዝቡን ልብስ ይለብሱ ነበር ብለው የሚከራከሩም አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

እኔ ለተማሪዎቼ የምለው ሌላ ነው። ፎቶው እውነተኛ ነው ብለን እንቀበል። ጥምጥም መጠምጠም ሃይማኖት መለወጥ ነው ወይ? ብዙ ሙስሊም ሕዝብ የሚገዛ ሰው የሕዝቡን ልብስ ቢለብስ ፎቶው የሚያሳየው ልብሱን ብቻ ነው። «ሃይማኖቱን ቀየረ» የሚለውን ከኋላው የለጠፉት ሰዎች ናቸው። እሱ ነው ባክግራውንዱ! መልኩ እውነት፣ ጀርባው የተለጠፈ። ደግሞ ፎቶ ብቻውን ንጉሥ አያወርድም። የሸዋ መኳንንት ቂም ነበረ፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለሆነ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን እንዳያደሉ ፈርተው ነበር። መሬቱ አስቀድሞ ተደልድሏል፤ ፎቶው የመጣው ለማቆም ብቻ ነው። ሰው ለማመን የተዘጋጀበትን ነገር ሲያሳዩት እግሩን አያይም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ፊልሙን እንደገና ለመሥራት ተነሣን። በኢንቦክስ «እንዴት ነው የሚዋሐደው?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ልጆች ያገኘነውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ጥለቱን ለማዳን አረንጓዴውን ትተን ሰማያዊ አንሶላ ተጠቀምን። መጀመሪያ የእህል ሸራ ሞክረን ነበር፤ ያብለጨልጫል፣ አንዱ ጋ ነጭ አንዱ ጋ ጥቁር ይሆናል። ጨርቁ የማያብለጨልጭ፣ የተተኮሰና ሽብሽብ የሌለው ይሁን። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ከጨርቁ አርቁት፤ እኛ አምስት ስድስት እርምጃ አራቅነው። ሲጠጋ የራሱ ጥላ ጨርቁ ላይ ይወድቃል፣ የጨርቁም ቀለም ተመልሶ አንገቱና ጆሮው ላይ ያርፋል፤ የታመመ ያስመስለዋል። ሦስተኛ፣ ጠርዝ። የመንዝ ባና የለበሰ ወታደር አስቸጋሪ ነው፤ ሱፉ ጸጉራም ስለሆነ አፑ ወይ ይላጨዋል ወይ ዙሪያውን የቀለም ክር ያስቀርበታል። ከጀርባው በአንድ በኩል የፀሐይ ብርሃን ሲነካው ጸጉሩ ጎልቶ ወጣ፤ ጠርዙንም በጣም ትንሽ አለዘብነው።

አራተኛውና ትልቁ ፀሐይ ነው። አምና የሜዳውን ፎቶ ያነሣነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ የዛፉ ጥላ ረጅም ሆኖ ወደ ምዕራብ ተኝቷል። ልጆቹን የቀረጽነው ደግሞ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጥላቸው እግራቸው ሥር ተሰብስቦ። በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ፀሐይ ወጣች ማለት ነው! ዘንድሮ መጀመሪያ ሜዳውን አነሣን፤ ሰዓቱንና ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች ደብተር ላይ ጻፍን፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ልጆቹን በዚያው አቅጣጫ አቆምን። የስልኩንም ከፍታ ሁለቱም ጊዜ እደረት ላይ አደረግነው፤ ከላይ የታየ ሜዳ ላይ ከታች የታየ ሰው አይቆምም።

አምስተኛ፣ እግር። ወይ ከጉልበት በላይ ቅረጹ፣ ወይ ጥላ ሥሩለት። እኛ የልጁን ምስል ደግመን አጠቆርነው፣ አጋደምነው፣ አደበዘዝነው፣ እግሩ ሥር አነጠፍነው። ከፊቱ እንደ ፎቶ ቤቱ አበባ ማሰሮ የእውነት ሣር ቀርጸን አኖርን። ያን ጊዜ ረገጠ! ስድስተኛ፣ አየሩ። የእኛ ደጋ ጉም ሲጥል ሩቁ ነገር ይገረጣል፣ ጥቁር ጥቁር አይሆንም። በጉም ሜዳ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ወታደር የተለጠፈ ነው፤ ማገርጣት አለባችሁ። በተረፈ ጉም ጥላ ስለሌለው ለጀማሪ ወዳጅ ነው።

ሥራው በዚህ መልኩ እየሄደ ሳለ ዘውዲቱን የምትሠራው ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። (ይህን የምጽፈው እሷንም ወላጆቿንም አስፈቅጄ ነው፤ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ ማን ናት ብላችሁ እንዳትጠይቁ።) ጓደኞቿ በኋላ ነገሩኝ። ከአንድ ጎልማሳ ጋር አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ ቆማ የምትታይበት ፎቶ በስልክ ከሰው ሰው እየዞረ ነው። አባቷ አይተዋል። ትምህርት ይብቃት ተብሏል። ሽማግሌ ሊላክ ነው፣ ልትዳር ነው የሚል ወሬም ሰማሁ።

ፎቶውን ሳየው ብርድ ወረደብኝ። ነጠላውን አወቅሁት። የአምናውን ጥሬ ቪዲዮ «ክረምቱን ተለማመዱበት» ብዬ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ብቻዋን፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት፣ ለመቁረጥ ዝግጁ ሆና የቆመች ልጅ ለማያውቁት ሰዎች ሁሉ አስረክቤ ነበር። ቆርጦ መለጠፉንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሠራው በኋላ ታውቋል፤ በትምህርት ቤትና በሽማግሌ አልቋል፤ እዚህ አልጽፈውም። የእኔን ድርሻ ግን እጽፋለሁ።

ከክበቡ ሁለት ልጆች ይዤ እቤታቸው ሄድኩ። አባቷ አስቀመጡን፣ ዝም አሉ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል» አልኳቸው። «መምህር፣ ዓይኔ ያየውን ምን ትለኛለህ?» አሉኝ። ስለ ሜሊየስና ስለ ቭላሆስ ልነግራቸው አልችልም። አንዷ ልጅ ግን ስልኩን አውጥታ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችውና «አባባ፣ ጥለቱን ይዩት» አለቻቸው። አረንጓዴው መስመር የለም። በእሱ ቦታ የክፍሉ መጋረጃ አበባ ይታያል፤ በልጃቸው ደረት በኩል! እንግዲህ አምና አዳራሹ ሙሉ የሳቀበት ስህተት ነው። ከዚያ የሰውዬው ፊት ላይ ብርሃን ከግራ፣ የእሷ ላይ ከቀኝ መምጣቱን አሳየቻቸው። ቀጥላ የአምናውን ቪዲዮ ከፈተችላቸው፤ ያው አቋቋም፣ ያው እጅ፣ ያው ነጠላ፤ ከጀርባዋ ግን የትምህርት ቤታችን ግድግዳ።

አባቷ ስልኩን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። እናቷን ጠሩ፣ ነጠላውን ከሳጥን አስመጡ፣ ጥለቱን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። አረንጓዴው መስመር በእጃቸው ላይ አለ። ከዚያ «እግሯስ የት አለ?» ብለው ጠየቁ። እግሯ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። «ይህቺ ልጅ እኮ መሬት አልረገጠችም» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ቡና ፈላ።

ሰኞ ልጅቷ ተመለሰች። «ካሜራ ፊት አልቆምም» አለችኝ፤ አልተጫንኳትም። ዘውዲቱን ሌላ ልጅ ትሠራለች። ፊልሙ ጥሩ ሆኗል፣ ሁሉም ሰው መሬት ረግጧል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የቀረችው ልጅ ነው የምትታየኝ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ቪዲዮ በአንድ ስልክ ብቻ ይቀመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ከባለቤቱ ፊት ይጠፋል። ከመቁረጥ ትምህርት በፊትም የተቆረጠን መለየት አስተምራለሁ።

ወዳጆቼ፣ በእነዚህ ዓመታት በየስልካችን ስንት ምስል ዞረ? የሌላ ሀገር ቃጠሎ «የእኛ ነው» ተብሎ፣ የዱሮ ሬሳ «የዛሬ ነው» ተብሎ። ብዙዎቹ እንዲያውም አልተቀነባበሩም፤ እውነተኛ ምስል ላይ የውሸት ቦታና ቀን ነው የተለጠፈባቸው። እኔም አንዱን አጋርቼ አንድ ተማሪዬ ነው «ቲቸር፣ ይሄ እኮ እዚህ አይደለም» ብሎ ያረመኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ጠርዙ ንጹሕ ነው? እግሩ የት አለ? ምስሉ ሦስቱንም ካለፈ ደግሞ አራተኛውን ጠይቁ፤ ከሥሩ የተጻፈውን ማን ለጠፈው?

ቸር ያሰማን። ከዘመሮ።